ሁለቱም እግሮች ታይተዋል

መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ

ጉዳዩ፦ በኮሪደር ላይ ጫማ በማስወለቄ የተጻፈልኝን ማስጠንቀቂያ በምስጋና መቀበሌን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም ከራስ ጠጉራችሁ እስከ እግር ጥፍራችሁ ደህና እንድትሆኑ እመኛለሁ። እስከ እግር ጥፍር ያልኩት ለወግ አይደለም፤ በእናንተ ግቢ የሰው ጤንነት ከጉልበት በታች መጠየቅ ካቆመ ስለቆየ፣ እኔ እንኳ ልጠይቅ ብዬ ነው።

መስከረም 28 የተጻፈው ደብዳቤዎ በማኅተም ደርሶኛል። «ሙያው ሳይኖራት ለተገልጋዮች ሕክምና ስለሰጠች፣ ኮሪደሩንም በመጥፎ ሽታ ስላወከች» ወደ ግቢው እንዳልገባ መከልከሌን በጥሞና አንብቤያለሁ። እኔ ገበያነሽ ቦንሳ፣ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ በስሜ የተጻፈ ደብዳቤ ሲደርሰኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ሳላመሰግን ማለፍ ነውር መሰለኝ። መልሴን በብሎካችን መግቢያ ላይ የለጠፍኩትም እንዲህ ያለው ክብር ለብቻዬ ስለበዛብኝ ነው።

1ኛ. ባለቤቴን ወጋየሁን ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀጠሮው ስላስተናገዳችሁት አመሰግናለሁ። ወጋየሁ ስኳር አለበት፤ ጀሞ ታክሲ ተራ ላይ ተራ አስከባሪ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውል ነበር። ለሥራ ሲወጣ በካልሲ ላይ ነጠላ ጫማ ያደርግ ነበር። የእናንተ ቀጠሮ ሲደርስ ግን የተማረ ሰው ፊት እንዲህ ሆኜ አልቀርብም እያለ፣ ለሠርጋችን የገዛውን ጠባብ የቆዳ ጫማ ከአዲስ ካልሲ ጋር ያደርግላችሁ ነበር። ባለፈው ጥር ያ ጫማ የግራ እግሩን ትንሽ ጣት ላጠው። ስኳሩ የእግሩን ስሜት ወስዶበት ስለነበር አልተሰማውም። ሲስተር እፀገነት ከመዝገቡ ላይ ቀና ሳትል እግሩ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው፤ እሱም እንዳደገበት «ጌታ ይመስገን» አላት፤ ካርዱ ላይም «እግር ታይቷል፣ ችግር የለም» ተብሎ ተጻፈ። በሲስተር አልፈርድም። በዚያ ጠዋት ከእኛ ኋላ ስድሳ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ለብቻዋ ላስቀመጣችኋት ሴት የስድሳ ሰው ስም መጥራትም ቀላል አይደለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ካርዱን አመንኩ። የታየ እግር ነው ብዬ አሥራ ስምንት ቀን ካልሲውን ገልጬ አላየሁም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሽታው ራሱ ነገረኝ። በየካቲት ወር ሆስፒታል ወስደነው ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

2ኛ. በግንቦት ለተመዘገበልን ተአምር አመሰግናለሁ። በዚያ ቀን ሁለት ጎረቤቶቻችን ወጋየሁን በፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው ከሦስተኛ ፎቅ አወረዱት፤ የሱሪውን ግራ እግር አጥፌ በመርፌ ቁልፍ አያይዤለት ፊታችሁ ቀረበ። ካርዱን ቤት ወስጄ ሳነበው «ሁለቱም እግሮች ታይተዋል፣ ችግር የለም» ይላል። ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። ግራ እግሩን ሆስፒታሉ ወዴት እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልተነገረንም፤ እናንተ የት እንዳያችሁት ብትጠቁሙን ባለቤቴ ደስ ይለዋል።

3ኛ. ስለ ኮሪደሩ። ከግንቦት በኋላ ስለ እግር የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ አብዛኛው ከሆስፒታል ግድግዳና ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የተገኘ ነው። እግርን እስከ ውስጥ እግሩ በየቀኑ ማየት፣ ጫማ ከማድረግ በፊት ውስጡን እጅ ከቶ መዳሰስ፣ ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ በጣቶች መካከል ማድረቅ፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ቫዝሊን መቀባት፣ በጣቶች መካከል ግን አለመቀባት፣ ጥፍርን ጥጉን ሳይጎረጉሩ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፣ መጅን በምላጭ አለመላጥ፤ ሰውየውን ዓይኑን አስጨፍኖ የእግር ጣቶቹን ጫፍ በቀስታ እየነኩ ይሰማው እንደሆነ መጠየቅ። ከዚህ ውስጥ ዲግሪ የሚያስፈልገው የትኛው እንደሆነ ቢጻፍልኝ እታረማለሁ።

እሁድ መስከረም 25 የወጋየሁ ቀኝ ተረከዝ አንሶላው ላይ ደም አሳረፈ። ሰውነቱን በሙሉ የተሸከመው እሱ ብቻ ስለሆነ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፤ አንደኛው ስንጥቅ ጠልቆ ዙሪያው ቀልቷል፤ እሱ ግን ምንም አልተሰማውም። በማግስቱ ይዤው መጣሁ። አራት ሰዓት ሙሉ ኮሪደር ላይ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡትን የስኳር ታካሚዎች ጫማችሁን እስቲ አውልቁ አልኳቸው። ሀኒፋ «አልሃምዱሊላህ፣ እኔ ምንም የለኝም» እያለች ስታወልቅ፣ የጫማዋን ሶል በስቶ የወጣ ሚስማር ካልሲዋን በደም አርሶት ነበር፤ መቼ እንደወጋት አታውቅም። ከፉሪ የመጣው ፈየራ ደግሞ «ተዪኝ እናቴ፣ ይሸትሻል» ብሎ ብዙ ካንገራገረ በኋላ ያሳየኝ አውራ ጣት ጫፉ ጠቁሯል። የሁለቱንም ካርድ ለምኜ አየሁ፤ ችግር የለም ይላል። በእናንተ ካርድ ላይ ጌታ ይመስገንም፣ እግዚአብሔር ይመስገንም፣ አልሃምዱሊላህም የሚጻፉት በአንድ መልክ ነው።

ማንንም አልቆረጥኩም፣ ማንንም አልቀባሁም፤ ያደረግሁት ማየት ብቻ ነው። ማየት ሕክምና መስጠት ከሆነ፣ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች እንዲህ የሚቆጥቡት ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። ስለ ሽታው የተጻፈውም እውነት ነው፤ ሸቷል። ነገር ግን እኔ ይዤው የመጣሁት አይደለም፤ በየወሩ በካልሲ ተሸፍኖ በፊታችሁ ሲገባና ሲወጣ የኖረ ነው። የእኛ ተራ ሳይደርስ እንድንወጣ ስለተደረገ የባለቤቴ ተረከዝ ሳይታይ ተመለስን፤ ለማክሰኞ ጥቅምት 4 ተቀጥሯል።

4ኛ. ይህ ምስጋና አይደለም፤ ልመና ነው። እስከ ዛሬ ጫማውን ተንበርክኬ የማወልቅለት እኔ ነኝ፤ በክራንች ቆሞ ጎንበስ ማለት አይችልም። ቁስሉን አጥቤ በንጹሕ ጎዝ እየሸፈንኩ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ግን አላውቅም፤ አለማወቄንም ከደብዳቤዎ በፊት አውቀው ነበር። ክልከላዎን አክብሬ ማክሰኞ ከበር ውጭ እቆማለሁ። ስለዚህ ከሠራተኞችዎ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ጫማውንና ካልሲውን እንዲያወልቅለት እለምናለሁ፤ ጫማው አንድ ብቻ ስለሆነ ድካሙ ለሌላው ሰው ከሚደረገው ግማሽ ነው። ይህ እግር ከሄደ ወጋየሁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አልጋ ይዞ ይቀራል፤ ካርዳችሁም የሚያየው እግር ያጣል። ደህና ነህ ወይ ሲባል ጌታ ይመስገን ማለቱ አይቀርም። እባክዎን፣ ምስጋናውን ለጌታ ይተዉለትና እግሩን ይዩለት።

የኮሪደርዎ ጸጥታ እንዳይደፈርስ፣ የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ፣ ጫማዎም እንዳይጠብዎት ከልብ እየተመኘሁ፣ ከደፍዎ ውጭ ቆሜ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ገበያነሽ ቦንሳ
የአንድ እግር አስታማሚ

ግልባጭ፦
በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራቸውን ለሚጠብቁ ሁሉ፣ ጫማቸውን ከቤታቸው አውልቀው አይተው እንዲመጡ

ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፦ ደብዳቤዎን ያመጣልኝ የግቢዎ ጥበቃ በፍቃዱ ደረጃውን ሲወጣ ሲያነክስ ሰማሁት። አስቀምጬ ቡት ጫማውን እንዲያወልቅ ብጠይቀው «ተይ እትዬ፣ ኋላ እንዳትከለከይ» አለኝ፤ እኔም መከልከሌን ያመጣኸው አንተ አይደለህ ወይ፣ አውልቅ አልኩት። የአውራ ጣቱ ጥፍር ሥጋው ውስጥ ገብቶ መግል ይዟል። ዘጠኝ ዓመት በራችሁን ሲጠብቅ አንድም ቀን ታካሚ ሆኖ አልገባም፤ በር ትቼ እንዴት እገባለሁ ይላል። ሙያው ስለሌለኝ አልነካሁትም፤ ወደ እርስዎ መልሼዋለሁ። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ የሚጽፉልኝ ከሆነ ግን በሌላ ሰው ይላኩልኝ፤ እሱ ደረጃ መውጣት የለበትም።