የእንሰት መፋቂያው ማሽንና የኔ ፊርማ

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ወልቂጤ። ጠዋት 3፡00

መብራት እንደገና ጠፋ። እስኪመጣ ካንቺ ጋር ላውራ፣ ደብተሬ። የኢኖቬሽን ፖሊሲ ረቂቋ ገጽ አራት ላይ ተቸክላ ቀርታለች። ከላይ የተላከልን ትርጉም፦ ኢኖቬሽን ማለት በምርምር ተገኝቶ ገበያ የወጣ አዲስ ምርት ነው። ጥሩ። ከዚያ ሠንጠረዥ። የፈጠራ ባለቤትነት ምስክር ወረቀት? የለም። ቤተ ሙከራ? የለም። የምርምር በጀት? ሳቅሁ። ይህን ፎርም መጀመሪያ ያዘጋጀው ሰው ፋብሪካ ከፋብሪካ የተያያዘበት አገር መኖር አለበት። እኛ ስንሞላው አካባቢው በሙሉ የሚያስብ ሰው የሌለበት ይመስላል።

የምንኮራበት አንድ ነገር አለን፤ መስቃን ገጠር ለሴቶች የሰጠነው የእንሰት መፋቂያ ማሽን። የአምናው ሪፖርት «ሥራ ላይ ውሏል» ይላል። ከሥሩ ፊርማ። የኔ።

ላንቺ አልዋሽም፤ አላየሁትም። ያን ቀን ዝናብ ነበር፣ መኪናም አልነበረም። ቀበሌ ደወልኩ፣ አለ አሉኝ፣ ፈረምኩ። አሁን አለቃዬ አቶ ደሳለኝ ረቂቁ በዚሁ ማሽን ምሳሌ ይከፈት ይላል። የዛሬ አሥር ቀን ቡታጅራ ላይ ውይይት አለ፤ ከአ/አ እንግዶች ይመጣሉ፣ ማሽኑንም ይጎበኛሉ። ለቡድን መሪነት ታጭቻለሁ። ጉብኝቱ ካማረ ቦታው የኔ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ነገ ሄጄ አየዋለሁ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ፣ ቡታጅራ። 11፡00

መንገድ ላይ፣ አረቅጥ ጋ፣ ጉም። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳል። ስለ ማሽኑ ሳስብ ገደሉን መፍራት ረሳሁ።

ኸይሩን አገኘሁት። ማሽኑን እንዲያንቀሳቅሱ ካሠለጠንናቸው ስድስት ወጣቶች አንዱ ነው፤ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ጋሼ ግባ አለኝ። ማሽኑስ ስለው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እንሰት የሚፋቅበት ቦታ ወንድ ድርሽ አይልም፣ ነውር ነው። መትከሉ የወንድ፣ መፋቁ የሴት። ሞተሩን ሊያስነሳ የሄደ ዕለት ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ተበተኑ፤ አማቱ ልጄን ለማን ነው የዳርኩት ብለው መልእክት ላኩበት። ወላሂ ሁለተኛ አልሄድኩም ይላል። ሌሎቹ አምስትም እንዲሁ።

ስድስቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጠንካራ ወጣት ወንዶች ብዬ! የጎጃም ሰው፣ ጤፍ እንጂ እንሰት መች አውቄ። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቆጮ በክትፎ ስበላ ማን እንዴት እንደሚሠራው አንድ ቀን አልጠየቅሁም። አቶ ደሳለኝም ቢሆን የዚህ አገር ልጅ ይባል እንጂ ያደገው አ/አ ነው።

ማሽኑ ፕላስቲክ ለብሶ ተቀምጧል። ላዩ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። ይባስ ብሎ የተፋቀውን የሚጨምቀው ክፍል፣ መጭመቂያው፣ የለም። ትልቁ ቡሎን ከነመጫኛ ብረቱ ተፈትቶ ሄዷል። የመንግሥት ንብረት! ሌባውን ነገ እፈልጋለሁ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ፣ ቡታጅራ። 9፡30

ተገኘ! ኸይሩ ያውቅ ነበር፤ ትናንት ፈርቶ ነው ዝም ያለው። ማሽኑ ከተሰጣቸው ሴቶች ወደ አንዷ፣ እትዬ ሙሉነሽ ደጅ ወሰደኝና ሁለታችንም አጥሩ ጋ ቆምን። እጇን እያጠራረገች ወጣች። የፈቱት ሴቶቹ ናቸው። ብየዳ ቤት ወስደው እንጨት ላይ አስገጥመውታል። እንሰቱን በድሮው መንገድ ይፍቃሉ፤ የጨረሳቸው መፋቁ ሳይሆን ውሃውን ጨምቆ ማውጣቱ ነበር። ወገብ ይሰብራል። አሁን መጭመቂያው በደቦ ከቤት ቤት ይዞራል። ቡላውም በዝቷል ትላለች።

የመጣሁበትን ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፦ «ልትወስደው ነው? ዛሬ አይሆንም። ዛሬ ተራው የአስካለ ነው።»

አልወስድም አልኩ። በማን ሥልጣን እንደሆነ እንጃ። ግን እንዴት ቀለለኝ! ሌባ ፈልጌ ሄጄ ያገኘሁት ሥራ ነው። ከዚያ ማሽን ውስጥ የሚረባውን ለይተው አውጥተውታል። እኛ እኮ ይህን አላየንም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ወልቂጤ። 10፡00

ለአቶ ደሳለኝ ነገርኩት። በሩን ዘጋ። አልተቆጣም። ሐሳቡ፦ መጭመቂያው ለጉብኝቱ ቀን ብቻ ማሽኑ ላይ ይገጠም፣ ሞተሩ ይነሳ፣ ፎቶ፣ ከዚያ ይመለስላቸው። አለዚያ ንብረት ክፍል ጠፋ ብሎ ይነሳል፣ ከሴቶቹም ይነጥቃል። ዕድገቱንም እርሳው አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። የኔን ፊርማ አምኖ ነው ሪፖርቱን ወደ ላይ የላከው። ጊዜ ስጠኝ አልኩ። ተናድጃለሁ፤ በራሴ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ፣ ወልቂጤ። 10፡00

ኸይሩ ደወለ። የአቶ ደሳለኝ ሐሳብ ሴቶቹ ጆሮ ደርሷል። እትዬ ሙሉነሽ ለአንድ ቀን ከሆነ እናውሰው፣ ሰውዬው እንዳይቀጣ ብላለች። አዘነችልኝ! ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ገጽ አራትን ቀደድኩ። አዲሱ፦ እኛ ዘንድ አዲስ ነገር ከቤተ ሙከራ አይጀምርም። ከሌላ ቦታ የመጣ ዕቃ ይፈታል፣ የሚረባው ይወሰዳል፣ ከልማዱ ጋር ይገጠማል፣ በጎረቤት ይዳረሳል። ፖሊሲው ስንት ማሽን ሰጠን ብሎ ከመቁጠሩ በፊት ይህን ሥራ የሚሠራው ማን ነው ብሎ ይጠይቅ። ሠልጣኞቹን ስመርጥ ይቺን ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ! ሳልነሳ ስድስት ገጽ ጻፍኩ። ምሳ ረሳሁ።

ኅዳር 19፣ ዓርብ፣ ቡታጅራ። 11፡30

እፎይ። እፎይ፣ ደብተሬ!

ወደ ማሽኑ ከመውጣታችን በፊት ውይይቱ ላይ ተነሳሁ። ወረቀቴን ዘረጋሁ። ሳላይ እንደፈረምኩ፣ ወንዶቹን የመረጥኩት እኔ እንደሆንኩ፣ መጭመቂያው የት እንዳለና ምን እየሠራ እንደሆነ፣ ሁሉንም ተናገርኩ፤ አዲሱን ገጽ አራትም አነበብኩ። አቶ ደሳለኝ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። የእንግዶቹ መሪ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ ዶክተር። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ታዲያ ማሽኑን ትተን መጭመቂያውን ብናይስ አሉ።

ሄድን። እትዬ ሙሉነሽ በሩ ላይ ቆማለች። ዶክተሯን አስገባች፤ እኛን በዓይኗ ብቻ አቆመችን። ከረባት ያሰረ ሁሉ አጥር ሥር ፀሐይ ላይ ተደረደረ። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። አቶ ደሳለኝ ወደኔ ዞሮ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አለኝ። ቆይቶ እሱም ራሱ መሳቅ ጀመረ።

ዶክተሯ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወጡ። አዲሱ ገጽ አራት እንዳለ ይቀመጥ አሉ። መጭመቂያው በደብዳቤ ለሴቶቹ ይሰጥ ሲሉ አቶ ደሳለኝ ማክሰኞ እጽፋለሁ ብሎ ሰው ፊት ቃል ገባ። እንባዬ መጣ፤ በፀሐዩ አመካኘሁ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ ወልቂጤ። ጠዋት 3፡15

አቶ ደሳለኝ ደወለ። ቡድን መሪነቱ ለሌላ ሰው ሆኗል፤ ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ሊያጽናናኝ ይሞክራል፣ ምስኪን። እኔ ቁርሴን ሁለት ጊዜ በልቻለሁ።

የአምናውን ሪፖርት ማረሚያ ደብዳቤ ይዣለሁ። «ማሽኑን ሳላይ ነው የፈረምኩት» ብዬ ጀመርኩ። ሌላ የሚጨመርበት አልታየኝም። ፈረምኩ። ሰኞ ጠዋት አስገባለሁ።

ስልክ። እትዬ ሙሉነሽ! የቡሎኑ ጥርስ ተበልቷል፣ ብየዳ ቤቱ አልችልም ብሏል፣ የተፋቀው እንሰት እየጠበቀ ነው። ወልቂጤ የሚያስተካክል አለ ወይ? አለ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት። ስለ ማክሰኞው ደብዳቤ ላስረዳት ስል ደብዳቤውን ተወው አለችኝ፤ ቡሎኑ በጠዋቱ መኪና ተልኳል፣ ወርደህ ተቀበል። ለጽ/ቤቱ አልደወለችም። ለኔ ነው የደወለችው። ልነሳ፣ ቶርኖ ቤቱ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራ፣ መኪናው ደግሞ አሁን—