መቶ አምስት ዲግሪ

ውድ አባዬ፣

መንደራችን ዲምቱ ላይ ከቀበርንህ አምስት ወር ሞላ። ደብዳቤ የማይደርስበት ቦታ እንዳለህ አውቃለሁ፤ ግን ለእማዬ መናገር ስላቃተኝ ላንተ እጽፋለሁ።

ለመመረቂያ ጥናቴ የመድኃኒት ቅጠልህን ስጠይቅህ እንዴት እንዳመነታህ አልረሳም። ለማንም አሳይተኸው አታውቅም። ጎህ ሲቀድ፣ ከሰው ጋር ሳትነጋገር፣ ብቻህን ነበር የምትቆርጠው። ያን ቀን ግን አስከትለኸኝ ሄድክ። ቆርጠህ ከረጢቴ ውስጥ ከጨመርክ በኋላ ነው አፍህን የፈታኸው፤ "ፀሐይም እሳትም አታሳዪው። በጥላ ይድረቅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፍዘፍ።" እኔም "አባዬ፣ እኛ እኮ ማሽን አለን" ብዬ ሳቅሁብህ። "የተማረ ይግደለኝ!" ብለህ አብረኸኝ ሳቅህ።

ሶዶ፣ ዩኒቨርሲቲው ስመለስ ግማሹን ቅጠል፣ እርጥበቱን ለመለካት፣ መቶ አምስት ዲግሪ በጋለ ማድረቂያ ውስጥ ከተትኩት። ሌላውን ግማሽ ላስቲክ ውስጥ ረስቼው ሻገተ። ሌላ ቅጠል እንዳላመጣ ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ነበር፤ አማካሪዬ ደግሞ "ውጤት የታለ?" እያለ ይጨቀጭቀኛል። ከእርጥበት ልኬቱ የተረፈውን፣ እንደ ትምባሆ የጠቆረውን ቅጠል ፈጨሁና ሜታኖል በሚባል አልኮል ውስጥ ለሰዓታት አፈላሁት። አንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም ሰውነትን ከጉዳት የሚከላከል ንጥረ ነገር፣ ቢኖረው ሐምራዊው መፈተኛ ቀለም ወደ ቢጫ መቀየር ነበረበት። ፍንክች አላለም። እንዴት እንዳደረቅሁት ግን ለማንም አልተናገርኩም።

በምርቃቴ ድግስ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ "እህ ልጄ፣ ቅጠሌ ምን አለ?" አልከኝ። አፌን ሞልቼ "ባዶ ነው አባዬ" አልኩህ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ደጅህን የረገጠ በሽተኛ ጥቂት ነው፤ የመጣውንም አንተው መለስከው። በሳምንቱ የቅጠሉን ዛፍ ከሥሩ ቆረጥከው።

ስትታመም እማዬ ጣሪያ ሥር ሰቅላ ያቆየችውን የመጨረሻ እስር ዘፍዝፋ አቀረበችልህ። "ሰብለ ባዶ ነው ብላለች። ልጄ ትዋሻለች?" ብለህ ኩባያውን መለስክ። ብትጠጣው ትድን ነበር አልልም፤ አላውቅም። አላውቅም እያልኩ ነው አምስት ወር ያልተኛሁት።

ባለፈው ሳምንት ጥናቴን ያነበበች ናርዶስ የምትባል ተማሪ ያንኑ ዓይነት ቅጠል ቢጠና ከሚባል ሌላ ቦታ አምጥታ፣ በጥላ አድርቃ፣ በቀዝቃዛ ሜታኖል ሦስት ቀን ዘፈዘፈችው። ሐምራዊው መፈተኛ ቀለም፣ ዐይኔ እያየ፣ ቢጫ ሆነ።

"እህቴ፣ ያንቺ ለምን እምቢ አለ? በስንት ዲግሪ ነው ያደረቅሽው?"

ነገርኳት።

"ውይ! እሱ እኮ ለእርጥበት ነው" አለችና አቀርቅራ ሥራዋን ቀጠለች።

ለአማካሪዬ እውነቱን ጽፌያለሁ፤ ዲግሪውን ቢነጥቁኝም ይንጠቁኝ። እሁድ ዲምቱ እመጣለሁ። ከጸሎት በኋላ፣ ድግሴን በበሉት ሰዎች ፊት፣ ባዶ የነበረው የኔ ሥራ እንጂ ያንተ ቅጠል እንዳልነበረ እናገራለሁ። እማዬም እዚያው ትሰማለች። ከዚያ በኋላ ልጄ ብላ ትጠራኝ እንደሆነ አላውቅም።

የተማረችው ልጅህ፣
ሰብለ ኤርካሎ