ከመቱ አዲስ አበባ ሃምሳ አምስት ደቂቃ

ለክቡር አቶ ሰቦቃ፣ የመሥሪያ ቤታችን የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ
ባሉበት፤ ምናልባትም በአየር ላይ

ክቡር ሆይ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ ስልክዎ ደኅና ናቸው? እኔ የበሩ ጥበቃ ዲንቃ ቶኩማ፣ ከድካም በቀር ደኅና ነኝ። ዘንድሮ የማታውን ትምህርት ከሠላሳ አንድ ጎልማሶች አንደኛ ወጥቼ ስለጨረስኩ ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ ሁለተኛ የወጡት እትዬ ኡሙልኸይር እያዘኑም ቢሆን ይመሰክራሉ።

አንደኛ፤ ባለቤቴ ሻሽቱ አዲስ አበባ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት መቀጠሯን ገልጬ የሦስት ቀን ፈቃድ ስጠይቅ፣ ስልክዎን ከፍተው «ሃምሳ አምስት ደቂቃ ነው የሚለው፤ ሦስት ቀን ምን ልትሠራ ነው፣ ልትሸምት?» ብለው ሐሙስን ብቻ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ስልኩን አዙረው ስላሳዩኝም እንዲሁ። አዲስ አንባቢ ምንም አያልፈውምና ከቁጥሩ አጠገብ «በበረራ» የሚለውን ፊደል በፊደል አነበብኩልዎ። «ያው መንገድ መንገድ ነው» አሉኝ።

ሁለተኛ፤ ሐሙስ ንጋት ከመናኸሪያ ተነሣን። አውቶቡሳችን ክንፉን ረስቶ ስለወጣ፣ ሐኪሙ «ሻሽቱ!» ብለው በሚጠሩበት ሰዓት እኛ በደሌ ቁርስ ላይ ነበርን። ሻሽቱ የሻይ ብርጭቆዋን እየዳበሰች «ደረስን እንዴ?» ብትለኝ፣ በአቶ ሰቦቃ ስሌት ደርሰን ተመልሰናል አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ማታ ስንደርስ የሆስፒታሉ ዘበኛ በሩን ቆልፏል፤ የሙያ ባልደረባዬ ነውና አልፈረድኩበትም። በማግሥቱ ሐኪሙ አዩዋት። ቀኙ ዓይን ድሮም ሄዷል፤ ግራው እስከ ሰኔ አራት ይጠብቃል፣ ከዚያ ወዲያ አይጠብቅም ብለው ቀዶ ሕክምናውን ለዚያው ቀን ቀጠሩልን።

ሦስተኛ፤ ስመለስ «ያለ ፈቃድ ቀርተሃል» የሚል ማስጠንቀቂያ በእጄ ሰጡኝ። ለራሴ የተጻፈ ደብዳቤ ያለ አንባቢ ሳነብ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነውና ጋላቶማ፣ ክብረት ይስጥልኝ። ሻሽቱ ምን ይላል ብትለኝ፣ ምስጋና ነው አልኳት።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ሰኔ ሦስትን ለመሄጃ፣ አራትን ለሐኪሙ፣ አምስትን ለመመለሻ እንዲፈቅዱልኝ እለምናለሁ። ካልፈቀዱም ሰኔ ሦስት ንጋት በሩን የምከፍትልዎ እኔ አይደለሁም። ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ግን እባክዎ በትልልቅ ፊደል ይጻፉልኝ፤ ስንመለስ ሻሽቱ ራሷ እንድታየው።

ከወንበርዎ ከፍታ ሥር በትሕትና ጎንበስ ብዬ፣ ቀና ስል ግን እያነበብኩ፣
ዲንቃ ቶኩማ
የበር ጥበቃ

ግልባጭ፦
ለሚፍታህ ሱቅ በር፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፤ መንገደኛ ሁሉ እንዲያነበው

ማሳሰቢያ፦ ስልክዎ ላይ ከበረራው ዝቅ ብሎ «በመኪና» የሚል መስመር አለ፤ በጣት ገፋ ማድረግ ብቻ ነው። ጣትዎ ሥራ በዝቶበት ከሆነ፣ ሃያ ዓመት በቀለም ስፈርምበት የኖርኩት አውራ ጣቴ ዘንድሮ ጡረታ ወጥቷልና አውስዎታለሁ።