የእማማ ስም የገባበት ቅጽ

ማዴራ፣ ካሊፎርኒያ
ፌብሩወሪ 26

ውድ አባዬ፣

እዚያ ሜክሲኮ የኦሃካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ ተሻለው? እኛ ደህና ነን። በስልክ ያልነገርኩህን ልጽፍልህ ነው፤ አንተ ስትደውል እማማ ከአጠገቤ አትጠፋማ።

አምና ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ኮሌጅ ያልገባሁበትን ምክንያት ደብቀንህ ነበር። የትምህርት እርዳታ ቅጹን ተሳስቼ ነው። ሰፈራችን ሁሉ "የእኛ ቅጽ" የሚለው አንድ አለ፤ የመኖሪያ ወረቀት ለሌላቸው ልጆች ክፍለ ግዛቱ ያወጣው። ወንድሜ ኤራስሞ በእሱ ነው የተማረው። እኔም ዓይኔን ሳላሽ እሱኑ ሞላሁ፤ እርዳታውም ሳይመጣ ቀረ። ዘንድሮ የኮሌጅ አማካሪዋ ሚስ ቫንግ አይታው ሳቀች።

"አንቺ ልጅ፣ የት ነው የተወለድሽው?"

"እዚሁ ማዴራ።"

"ታዲያ የወንድምሽን ቅጽ ምን አስሞላሽ? አንቺ ዜጋ ነሽ፤ ያንቺ የፌዴራሉ ነው።"

በዚህ ስህተት ዓመቱን ሙሉ የዘቢብ ማሸጊያ ድርጅት ውስጥ ፍሬ ስለቅም ከረምኩ። መስኖ ምህንድስና ልማር ያልኩት ልጅህ!

የፌዴራሉ ቅጽ ግን የእማማን ስምና የቤታችንን አድራሻ ይጠይቃል። የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላት መታወቂያ ቁጥር ባይኖራትም ትሞላለች፣ ራሷም ትፈርማለች። ሚስ ቫንግ "መረጃው ለእርዳታው ብቻ ነው የሚውለው" አለችኝ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

ወረቀቶቿን ስታስተካክል ቆየችና፣ "እስከ ዛሬ እንደዚያ ነበር" አለች።

ከዚያ ወዲህ በራችን ላይ መኪና ቀስ ሲል የስደተኞች ፖሊስ እየመሰለኝ መጋረጃውን ገልጬ አያለሁ። ትናንት፣ ማመልከቻው ሊዘጋ አምስት ቀን ሲቀረው፣ እማማን "ይቅርብኝ፣ አንድ ዓመት ዘቢብ ብጨምር አልሞትም" አልኳት።

"አንቺ አትሞቺም፣ ድርጅቱ ነው የሚሞተው። ግማሹን እየበላሽባቸው" አለችኝ። "ይልቅ ስሜን ጻፊ። ሁለቱንም የቤተሰብ ስም፣ የአባቴንም የእናቴንም፤ አሳጥረሽ እንዳታዋርጂኝ።"

"እማዬ፣ መንግሥት እጅ ነው የሚገባው።"

"በየዓመቱ ግብሬን ሲበላ የማን መስሎት ነበር?"

ጽፌ ስጨርስ መነጽሯን አድርጋ ፊደል በፊደል አነበበችው፤ ከዚያ በስልኬ ላይ በአንድ ጣቷ ፈረመች። ላክነው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ቀኑ አልፏልና ምን ላድርግ ብዬ አልጠይቅህም። አባዬ፣ ደስታዬ ልክ የለውም፤ ግን ትናንት ሌሊት ሁለቴ ተነስቼ የበሩን ቁልፍ አየሁ።

መልስ ስትጽፍላት በአክስቴ ፍሎሪና አድራሻ ላክ። እማማ ቅጹን ከላክንበት ከትናንት ጀምሮ የምታድረው እዚያ ነው። "ሕፃኑን ልያዝላት" ብላ ነው የሄደችው። የፍሎሪና የመጨረሻ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔም ልብሷን አጣጥፌ ሰጠኋት።

የአገርህ ቅዱስ ያዕቆብ ይጠብቅህ። ለእሷም ሻማ አብራላት፤ ለምን እንደሆነ ግን በስልክ አታንሳባት።

የምትናፍቅህ ልጅህ
ያትሲሪ