ዶኒ የተቀመጠበት ወንበር

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ተሸነፍን። እንደ ወትሮው።

ጠዋት የአሜሪካ ፉትቦል ስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበርን፣ የእኛ ሰዎች፣ አብረውን የሚደግፉት፣ ሁልጊዜ የሚቆሙበት ቦታ። አባባ ቋሊማ ይጠብሳል፣ አጎቴ ስታን ቢራውን በረዶ ውስጥ ይቀብራል። አጎቴ እንኳ አይደለም፣ የአባባ የብረት ፋብሪካ ጓደኛ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ግን እንዲህ ነው የምጠራው።

"ዛሬስ፣ ኮሪን?" አለኝ።

ነገርኩት። "እንመራለን። ከዚያ አራተኛውና የመጨረሻው ሙከራ ላይ አንድ ያርድ ሲቀረን አሰልጣኙ ግሪብ ይፈራል። ኳሱን ያስረግጣል። ይመለሱብናል።"

"ኧረ አታሟርቺ!"

ልክ እንዳልኩት ሆነ። አንድ ያርድ! ያንን ብንገፋ ኳሱ የእኛው ሆኖ ይቀጥል ነበር። አንድ ሰው ወደፊት ቢወድቅ የሚሸፍነው... አሰልጣኛችን ግን ኳሱን አስረግጦ፣ በገዛ እጁ ለተጋጣሚ አስረከበ። በመጨረሻው ደቂቃ አስቆጠሩብን።

የእኛ ሰዎች በሙሉ ዞረው ያዩት ግን ግሪብን አይደለም። እኔን ነው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

አባባ ደወለ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው ነገር እንዳለ የገባኝ።

"ስሚ ልጄ... ለዚህ እሑድ ብቻ። ስታዲየም አጠገቤ ያለው ወንበርሽ ላይ ዶኒ ይቀመጥ።"

"የአክስቴ ልጅ ዶኒ? የጨዋታውን ሕግ እንኳ የማያውቀው?"

"ሰዎቹ ናቸው ያሉት። ስታን ገፊ ናት ይላል..."

"አንተስ?"

"አንድ እሑድ ነው፣ ኮሪን።"

በስታቲስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። አንድ ያርድ ሲቀር መሞከር ከመርገጥ እንደሚሻል ቁጭ አድርጌ አስረድቻቸዋለሁ፣ በሥዕል ሳይቀር። እነሱ ግን... ቀድሜ ስለተናገርኩ እኔ አመጣሁት! የአየር ጠባይ የሚያነበውን ሰውዬስ ዝናብ አመጣህ ብለው ያባርሩታል?

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

አሸነፍን። የተጋጣሚ ረጋጭ የማሸነፊያዋን ኳስ ከጎል ምሰሶው ጋር አላተማት። በቃ፣ ያ ነው። ግሪብ ምንም አላደረገም።

አለቀልኝ። የእኛ ሰዎች ካሸነፉ በኋላ ምንም ነገር አይቀይሩም። ያው ካልሲ፣ ያው ቦታ፣ ያው ያልታጠበ ማሊያ። ያው ዶኒ። እስክንሸነፍ ድረስ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

አሁንም ድል።

ቤቴ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ስታዲየሙ ይሰማል። ቴሌቪዥኑ ወደኋላ ይቀራል፣ ጩኸቱ በመስኮት ቀድሞ ይገባል። ስክሪኑ ላይ ልጆቹ ገና ሲሰለፉ እኔ የሚሆነውን አውቄዋለሁ። ብርድ ነው፣ ግን መስኮቱን አልዘጋም። ከዚያ ሁሉ ጩኸት አንዱ የአባባ ነው። የትኛው?

የናፈቀኝ ጨዋታው ነው? አይመስለኝም። የአባባ ካፖርት ሽታ ነው፣ ጭስና ሰናፍጭ። ጆሮዬ ሥር "አሁን ምን ያደርጋል?" ማለቱ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ይጠይቀኛል፣ የምመልሰውንም ያምናል። ሌላ ማንንም እንዲህ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ዶኒን ይጠይቀው ይሆን?

ወንበሬን ለማግኘት መሸነፍ አለብን። ልመኘው ሞከርኩ። ተጋጣሚ ኳስ ይዞ ሲሮጥ አፌ "ያዙት!" ይላል። እምቢ አለኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

አሸነፍን። ለማን ልንገር?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

የምስጋና ቀን። እራት አባባ ቤት።

ዶኒ በዚያው ማሊያ መጣ። ማሊያው ከኦክቶበር ጀምሮ ውሃ አላየም፤ ጠረጴዛው ላይ ካለው ሁሉ እሱ ቀድሞ ይሸታል።

"የግሪብን ውል አራዘሙለት!" አለ፣ ምግቡን ሳይውጥ። "እህ፣ ሟርተኛዋ? ምን ትያለሽ?"

"ውሉን ለዚያ ምሰሶ ቢሰጡት ይሻል ነበር።"

አባባ ሳቁን በናፕኪን ሸፈነ። አይቼዋለሁ።

በኋላ ኩሽና ተከተልኩት። እኔ አጥባለሁ፣ እሱ ያደርቃል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ "እሑድ ግሪብ ምን ያ..." ቆመ። "ተይው። አትናገሪ።"

"ጠይቀኝ እንጂ።"

"እያሸነፍን ነው፣ ልጄ።"

"ዶኒ ስትጠይቀው ምን ይልሃል?"

የደረቀውን ሳህን ደግሞ አደረቀው። "ዶኒ... ዶኒ ቋሊማ ይበላል።"

መኪናዬ ውስጥ አለቀስኩ። በንዴት። በንዴት ብቻ ነው?

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 13

ወሰንኩ። ሽንፈት እስኪመጣ አልጠብቅም። ለአንድ ወንበር ብዬ የራሴን ቡድን ውድቀት እንድመኝ አያደርጉኝም። እያሸነፉም እሄዳለሁ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 14

የላይኛው ፎቅ መቀመጫ ትኬት ገዝቼ ገባሁ። ቀጥታ ወደ ወንበሬ ወረድኩ።

"ተነስ፣ ዶኒ።"

"አብደሻል? አሸናፊ ወንበር ነው!"

"የኔ ወንበር ነው።"

ስታን ከኋላ፦ "ሌን! ልጅህን አንድ በላት እንጂ!"

አባባ ሜዳውን እያየ ነው። ዞሮ ሳያይ፦ "ዶኒ፣ ሂድና ቋሊማ ግዛ።"

"አልራበኝም።"

"አንተ? ሂድ።"

ዶኒ ሄደ። ተቀመጥኩ። እየመራን ነበር። ከዚያ አራተኛ ሙከራ፣ አንድ ያርድ። ጥርሴን ነከስኩ፣ አንድም ቃል አልወጣኝም። ግሪብ ረጋጩን አስገባ።

ተሸነፍን።

"አላልኳችሁም! አላልኳችሁም!" ስታን ነው። "አንድ ቀን መጣች፣ ይኸው!"

አባባ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ፣ ዞረ። "ስታን። እርገጡ ያለው ማነው? እሷ ናት?"

እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

እሑድ፣ ዲሴምበር 28

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ። ግሪብ አለ፣ ገና ብዙ ዓመት ይኖራል። ስታን ቢራ አቀበለኝ፣ ዓይኔን ግን አላየኝም። ዶኒ ቤቱ ቀረ። ማሊያውን እናቱ አጥባዋለች አሉ።

ያው አራተኛ ሙከራ። ያው አንድ ያርድ። ያው ረጋጭ። ከአባባ ጋር እኩል ተነስተን ግሪብ ላይ ጮህን፣ ድምፃችን እስኪዘጋ።

ተሸነፍን። እስከ መኪናው ድረስ፣ ሁለታችንም ድምፅ አጥተን፣ በእጃችን እየተጨቃጨቅን ሄድን።