በኮረብታው ላይም በመስኮቱም በአንድ ጊዜ ለተገኙት የጣቢያ ኃላፊ

ማክሰኞ። የጧቱ ድምር፦ የተሸጠ የመስኮት መስታወት ስድስት፣ ሲጫን የተሰነጠቀ አንድ፣ ተቆርጦ ያለቀ የፎቶ ፍሬም አራት፣ በጣቢያው ያለፈ ባቡር ሁለት፣ ፎቶ የተነሳ ባቡር የለም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ እንዲህ ያለ ብርሃን በከንቱ ሲያልፍ ያንገበግባል።

ለክቡር የባቡር ጣቢያችን ኃላፊ፣
ባሉበት ቦታ ሁሉ።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ይልቁንም ጉልበትዎ ደህና እንዲሆን እመኛለሁ፤ ከጣቢያው በላይ ያለው ኮረብታ ዳገቱ ለሰው አያዝንምና። ጉንጭዎም ደህና እንዲሆን እመኛለሁ፤ የጉንጩን ምክንያት ግን ተራው ሲደርስ አነሳዋለሁ።

እኔን ለማስታወስ እንዳይቸገሩ፣ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ያለው የመስታወትና የፍሬም ሱቅ ባለቤት ነኝ። ሌላው ነጋዴ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ጋዜጣ ያነባል ወይም ሰው ያማል፤ እኔ ካሜራዬን አንግቤ ኮረብታው ላይ እወጣና ባቡር ፎቶ አነሳለሁ። ትርፍ የለውም፤ ትርፍ የሌለው ሌላ ሥራም የለኝም። ዕድሜ ልካቸውን ባቡር የነዱት አማቴ እንኳ ይህን አመሌን አይወዱትም፤ "ልጄን ለነጋዴ ዳርኩ ብዬ ስኮራ፣ ለካ ለባቡር ቆጣሪ ነው የሰጠኋት" እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ይነግሩብኛል። ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት የሆኑት እኚሁ አማቴ ናቸው።

ምስጋናዎቼ ብዙ ስለሆኑ እንዳይምታቱብዎ በቁጥር አደራጅቼ አቀርባቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ደንብ አክባሪነትዎ አመሰግናለሁ። እርስዎ እንደሚያውቁት፣ ይህን የሚያነቡ መንገደኞች ግን ላያውቁት እንደሚችሉ፣ አንድ ነጂ ጡረታ ሊወጣ የመጨረሻውን ጉዞ ሲነዳ በየጣቢያው ረጅም ጡሩምባ ይነፋል፤ የጣቢያው ኃላፊም ወደ መሳፈሪያው ወጥቶ፣ ቀይ ቆቡን አውልቆ፣ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ ባዶ ራሱን ይቆማል። ከዚህ ሌላ ሽልማት የለም፤ ነጂዎቹም ሌላ አይጠይቁም። አማቴ የመጨረሻ ጉዟቸውን በነዱበት ጧት እኔ ሳልነግራቸው ቀድሜ ኮረብታው ላይ ወጣሁ፤ ፎቶውን በትልቁ አሳጥቤ፣ በራሴ እጅ ፍሬም አስገብቼ፣ ባቡር መቁጠር ለምን እንደሚጠቅም ላሳያቸው አስቤ ነበር። መጀመሪያ ጣቢያውን ከነባቡሩ በሰፊው አነሳሁ። ቀጥሎ በረጅሙ ሌንስ አቀረብኩና፣ አማቴ በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እኔ በጋብቻ ዘመኔ ሁሉ አይቼው በማላውቀው ፊት ሲስቁ አነሳኋቸው። ይህችን ሁለተኛዋን ፎቶ እባክዎ ያስታውሱልኝ።

ከኮረብታው ስወርድ፣ ሰፈሩ "ደንቡ ነው" እያለ የሚጠራው ጥበቃዎ ቆሞ ጠበቀኝ። "ኃላፊው ሚሞሪ ካርዱን አምጣ ብለዋል" አለኝ፤ ለምን ስለው "ደንቡ ነው" አለ፤ የትኛው ደንብ ስለው እጄን ይዞ በሩ ላይ ወደተሰቀለው ሰሌዳ ወሰደኝና አስነበበኝ። "የባቡር ሠራተኛን በሥራ ላይ እያለ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው" ይላል። አማቴ ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሥራ ላይ ነበሩና፣ መከራከሪያ አጣሁ። ካርዱን ሰጠሁ። ካሜራውን ስላስቀሩልኝ አሁንም እጅ እነሳለሁ።

ሁለተኛ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስለምንዎ ስለሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። ካርዱ ይቅር፣ የአማቴ ፎቶ ብቻ ትሰጠኝ አልኩዎ። ሐኪም እንደነገረን የዓይን ግፊት እየጎዳቸው ነው፤ ጭል የምትለው ብርሃን በየወሩ እየጠበበች ስለሆነ፣ ፎቶዋን ሊያዩ የሚችሉት አሁን ነው፣ ቆይቶ በእጃቸው ቢዳብሷት ወረቀት ናት አልኩዎ። እርስዎም ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ፣ "ካርዱ በደንቡ መሠረት ተሰባብሮ ተጥሏል" አሉኝ፤ ልወጣ ስል ደግሞ፣ "ወንድሜ፣ ለሰው አማት ሁሉ ስንራራ ባቡሩ መቼ ሊሄድ ነው?" ብለው ሸኙኝ። ቤት ገብቼ ለአማቴ፣ ላነሳዎ ወጥቼ ካሜራው ተበላሸብኝ አልኳቸው፤ ዕድሜያቸውን ከገበሩለት መሥሪያ ቤት ጋር በእርጅና እንዲቀያየሙ አልፈለግሁም። እሳቸውም፣ "እኔ መቼ ይሠራል አልኩና" ብለው ዞር አሉ።

ሦስተኛ፣ በሱቄ ላይ ስላለዎት እምነት አመሰግናለሁ። ካርዱ ተሰባብሮ ከተጣለ ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ ጥበቃዎ በብብቱ አንድ ፎቶ ይዞ መጣና ፍሬም እንዳስገባለት አዘዘኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ አየሁት። የጧት ጮራ፣ ጣቢያው፣ ባቡሩ፣ በግራ በኩል ደግሞ ሳላነሳ በፊት ልሰብራት አስቤ የረሳኋት ቅርንጫፍ። ከግርጌው በወርቃማ ፊደል "ጧት በጣቢያችን፤ ፎቶግራፍ በጣቢያው ኃላፊ" ይላል። ተሰባብሮ ከተጣለ በኋላም ሥራውን ያላቋረጠ ካርድ ስለሆነ አምራቹን ሳላደንቅ አላልፍም። ጥበቃዎ አጠገቤ ቆሞ፣ "እንዴት ነው፣ አለቃችን ጎበዝ አይደሉም?" ሲለኝ፣ እኔም በሙሉ እምነት፣ "በጣም ጎበዝ ናቸው፤ ሳይነኩት ያነሱታል" አልኩት።

እሱው እንደነገረኝ ዋናው መሥሪያ ቤት ፎቶውን ወዶታል፤ በትልቁ ታትሞ የአዲሱን የመንገደኞች ማረፊያ አዳራሽ ግድግዳ ግማሽ ሊሸፍን ነው፤ ሐሙስ አዳራሹ ሲመረቅ አለቆችዎ ሁሉ መጥተው ከፊቱ ይቆማሉ። የትልቁንም መስታወት እኔው እንድቆርጥ ታዘዝኩ። ቆረጥኩ።

አራተኛውን ምስጋና ለመጻፍ ሁለት ጧት ወስዶብኛል፤ በንዴት የተጻፈ ነገር እንደ ቸኩሎ የተቆረጠ መስታወት ጠርዙ አያምርም። ባለፈው ሳምንት ጡረተኞቹን ሻይ ጋብዘው ነበር። አማቴም ሄዱ። እነሆ እውነቱን ልንገርዎ፤ በመጨረሻው ጉዟቸው በመስመሩ ላይ ያለ የጣቢያ ኃላፊ ሁሉ ወጥቶ ቆቡን ሲያወልቅላቸው፣ ወጥቶ ያልታየው የኛው ብቻ ነበር። ያን ዕለት ማታ ልጃቸው ጠይቃቸው፣ "አሞት ይሆናል" ብለው ዘጉት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ባቡር ሲያልፍ መስኮት መክፈት ተዉ። እርስዎም በሻዩ ግብዣ ላይ ብድግ ብለው፣ በዚያ ጧት መሳፈሪያው ላይ ያልተገኙት ኮረብታው ላይ ወጥተው በብርድ እየተንቀጠቀጡ የአማቴን የመጨረሻ ጉዞ ለታሪክ ሲያስቀሩ ስለነበር ነው ብለው ተናገሩ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አማቴ አለቀሱ።

ቤት ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። "በከንቱ ሰው ተቀየምኩ! ሰውዬው ለካ ለኔ ብሎ ብርድ ሲመታው ነበር" አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞሩና፣ "ያንተ ካሜራ ሲበላሽ የሱ ሠርቶለታል፤ ልብ ያለው ሰው የያዘው ዕቃ አይበላሽም!" አሉኝ። ሚስቴ እጄን በጠረጴዛው ስር ያዘችኝ። ክቡር ሆይ፣ ከእኔ ካርድ ወስደዋል፤ ፎቶ ወስደዋል፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም ብዬ ልተወው እችል ነበር። ከሽማግሌው ላይ ግን ቅያሜያቸውን ሳይቀር ሰረቁ። ይህን ያህል የተሟላ ሥራ በንግድ ዓለም አላየሁም፤ ስለዚህ ለእኔም ያልተሟላ ሥራ መመለስ ነውር ሆነብኝ።

አምስተኛ፣ እንግዲህ ወደ ጉንጭዎ እንመጣለን። ጥበቃዎ ያመጣው ናሙና ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሳለ፣ የመስታወት ጭረት የማይበትን አጉሊ መነጽር አንስቼ ከቅርንጫፏ እስከ ሰማዩ ድረስ ተጓዝኩበት። በቀኝ በኩል፣ በላይኛው ጥግ፣ የቢሮዎ መስኮት አለ። መስኮቱ ክፍት ነው። በመስኮቱ ውስጥ አንድ ሰው በካናቴራ ቆሞ፣ ግማሽ ፊቱ በሳሙና አረፋ ነጭ ሆኖ፣ ምላጭ ይዞ ጺሙን ይላጫል። ከፊቱ ክብ፣ ቀይ ጠርዝ ያለው መልክ ማያ ተንጠልጥሏል፤ መልክ ማያው ከእኔ ሱቅ የተገዛ ነው፤ ጠርዙ ተነክቷል ብለው ያስቀነሱኝ እርስዎ ስለሆኑ ሁለታችንም አንረሳውም። ባቡሩ ከሥርዎ እያለፈ፣ ጡሩምባው እየጮኸ፣ እርስዎ የሚያዩት የራስዎን ጉንጭ ነበር። ቀይ ቆብዎ ግን በመስኮቱ መዝጊያ ላይ ተሰቅላ ባቡሩን ትሸኛለች፤ ያን ዕለት ከጣቢያው አስተዳደር በሥራ ገበታዋ ላይ የተገኘችው እሷ ብቻ ናት።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ራስዎን ሳያዩት መቅረትዎ አይገርመኝም፤ ፎቶውን የሚያዩት ስምዎ የተጻፈበትን ግርጌውን ብቻ ነበርና። በናሙናው ላይ የሩዝ ፍሬ ያህል ነዎት። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ግን፣ ለክቼ እንደደረስኩበት፣ ፊትዎ ከነአረፋው የሰሃን ያህል ይሆናል። መንገደኛ ባቡር ሲጠብቅ ሥራ ስለሚፈታ ግድግዳ በደንብ ያያል።

እዚህ ላይ ስለ ደንቡም ልመለስ። የባቡር ሠራተኛን በሥራ ላይ እያለ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው የሚለውን ሰሌዳ ደግሜ አነበብኩት። አማቴን በተመለከተ ጥፋተኛ ነኝ፤ ሥራ ላይ ነበሩ። እርስዎን በተመለከተ ግን ፎቶውን በአጉሊ ሳይቀር መርምሬዋለሁ፤ ምንም ደንብ አልተላለፍኩም።

ይህን ደብዳቤ በሱቄ መስታወት ላይ ከመለጠፌ በፊት ለአማቴ አነበብኩላቸው፤ ካሜራው ያልተበላሸ መሆኑንም ያኔ ነገርኳቸው። መስኮቱ ላይ ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ከዚያ፣ "ጺሙን ነው?" አሉኝ። "ጺሙን ነው፣ አባባ" አልኳቸው። ጉንጫቸውን ዳበስ አደረጉና፣ "ጡሩምባውን እኮ አስረዝሜ ነበር የነፋሁት፤ ሁለቱን ጉንጭ ይጨርስ ነበር" አሉ። ሚስቴ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ተሰባብሮ የተጣለውን" ካርድ በጥበቃዎ እጅ ሳይሆን በራስዎ እጅ ይዘው፣ ከእኔ ሱቅ ሳይሆን ከአማቴ ደጃፍ ይምጡ፤ በሩ ሲከፈትም ቀይ ቆብዎን ያውልቁ። እሳቸው በሩቅ ያለውን ባያዩም፣ ደጃፍ ላይ ቆብ ያወለቀና ያላወለቀ ሰው አሁንም ለይተው ያውቃሉ። ካርዱን በማምጣትዎ ግን የሐሙሱ ምረቃ ይሰናከላል ብለው እንዳይሰጉ፤ ያዘዙትን መስታወት እንደታዘዝኩ አቀርባለሁ፤ እኔ ደንበኛ አላታልልም። ፎቶውን ከግድግዳው ለማንሳት ከወሰኑም ለአለቆችዎ የሚሰጡት ምክንያት ከመስኮቱ የተሻለ እንዲሆን እጸልያለሁ።

በኮረብታና በመስኮት መካከል ያለውን መንገድ በዓይን ጥቅሻ ለሚያቋርጠው ፍጥነትዎ ካለኝ አድናቆት ጋር፣ ካርዴን ከሰበሩት በኋላም እንዲህ ደህና አድርገው ላቆዩበት ጥንቃቄ ካለኝ ምስጋና ጋር፣ እጅ ነስቼ የምሰናበትዎ፣

የመስታወትና የፍሬም ነጋዴው፣
የነጂው አማች፣ ባቡር ቆጣሪው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ከውስጥ በኩል ነው። ጥበቃዎ ጥፍሩን እንዳይጎዳ ይንገሩልኝ። ቆሞ ማንበብ ግን ይችላል፤ እስካሁን በሰሌዳዎ ላይ ይህን የሚከለክል ደንብ አላየሁም።

የነገ ሥራ፦ አማቴን ዓይን ሐኪም ቤት ማድረስ። ከዚያ ትልቁን መስታወት ወደ አዳራሹ ወስዶ መግጠም። መሰላልና ለስላሳ ጨርቅ መያዝ፤ የቀኙን ላይኛ ጥግ ደህና አድርጎ መወልወል።