ሣሩና ጠጠሩ

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

በጋውን ሁሉ የካምፓችንን ሣር ሳጠጣ የከረምሁት ለእንግዳ ብዬ ነበር። በጣና ዳር አረንጓዴ የቀረው የእኛ ብቻ ስለሆነ ጉማሬም ተጋብዟል፤ ጠዋት ዱካውን አየሁት።

ጥበቃው አያ ሙላት «ዛሬ የመጡትን እንግዶች ከሣሩ ወደ ጠጠሩ ሜዳ ያውጧቸው፤ ጉማሬ ጠጠር አይበላም» አሉኝ። ባልና ሚስቱ ግን ጠጠሩ እግር ይወጋል ብለው የመኝታ መኪናቸውን ሣሩ ላይ አቁመዋል። ለልጃቸውም አጠገቡ ድንኳን ተክለዋል።

ልጅቷ «ጉማሬ እዚህ ይመጣል?» ብትለኝ «ከሩቅ ይታያል» አልኋት። በሣሬ የምኮራ ሰው ነኝና።

አሁን ፀሐይ እየጠለቀች ነው፤ ጉማሬ ለግጦሽ ከውሃ የሚወጣበት ሰዓት ነው። አያ ሙላት ማንንም ሳያስፈቅዱ የድንኳኑን ካስማ ሲነቅሉ በመስኮት አያቸዋለሁ። ወርጄ ላግዛቸው ነው። ልጅቷ ለምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ያየሁትን ዱካ አሳያታለሁ።